መጀመሪያ ይመታል፣ ቀጥሎ ይበላል፦ የሌሊት ሰይፍ ዓሣ ማስገር የሥራ ማስታወሻ

ዝግጅት፣ ከመውጣታችን 1 ሳምንት በፊት

ባለፈው ወቅት 4 ሌሊት ወጥተን 4ቱንም ባዶ እጃችንን ተመለስን። ዓሣ ጠፍቶ አይደለም። ማባበያችን ተመትቶ፣ ተሰንጥቆ፣ አንዴም ግማሹ ተቆርጦ ወጥቷል። ዓሣው መጥቶ ነበር፣ መያዝ ያቃተን እኛ ነን። ስለዚህ ዘንድሮ የያዝኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሰይፍ ዓሣው እየመታ ለምን አይያዝም? በየሌሊቱ አንድ ነገር እየቀየርን የሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ጀልባው ላይ 3 ነን። መሪውን የሚይዙት ጋሼ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ክርና ፊኛ ይቆጣጠራል። እኔ ማባበያውን እሰፋለሁ፣ ማስታወሻውንም እይዛለሁ።

ሥራው በሌሊት የሚሠራበትን ምክንያት ላስቀድም። ሰይፍ ዓሣ ቀን ቀን ከ400 እስከ 600 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ስኩዊዱ (ብዙ ክንድ ያለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ፣ ማባበያችንም እሱ ነው) እና ትናንሾቹ ዓሦች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እሱም ተከትሏቸው ይወጣል። ሌሊቱን ብዙውን ጊዜ ከላይኛው 100 ሜትር ውስጥ ያድናል። ቀን እሱን ለማግኘት ግማሽ ኪሎ ሜትር ክር መልቀቅ ያስፈልጋል። ሌሊት እሱ ራሱ ወደ እኛ ይመጣል።

ዓይኑ በጣም ይገርመኛል። የትልቁ ዓሣ ዓይን እስከ 9 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ከዓይኑ ጡንቻዎች አንዱ ሙቀት ወደሚያመነጭ አካል ተለውጧል። በዚህ የተነሳ ዓይኑና አንጎሉ ከዙሪያው ውኃ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃሉ። ብርድ ዓይንን ያዘገያል፤ የሞቀ ዓይን ግን ፈጥኖ የሚሮጥ ስኩዊድን ለይቶ ይከተላል። ጨለማ ውስጥ ያለ ነገር የማያይ መስሎን በችኮላ የታሰረ ማባበያ አውርደን ነበር። ያየናል፣ ያውም በደንብ።

ዕቃችን ይህ ነው። 36 ኪሎ የሚችል ዋና ክር። ጫፉ ላይ 5 ሜትር ያህል ወፍራም ናይለን፣ ሊደር የምንለው፣ 120 ኪሎ ገደማ የሚችል። በሁለቱ መካከል ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር ስዊቭል። የሊደሩን ጫፍ የምናስረው በትንሽ የብረት ቱቦ ነው፤ ቱቦውን በመጭመቂያ ፒንሳ እንጨምቀዋለን። ከመጨመቄ በፊት የክሩን ጫፍ በላይተር ነካ አድርጌ አቀልጠዋለሁ፤ ጫፉ ጉብ ስለሚል በቱቦው ውስጥ ሾልኮ አይወጣም። የቱቦውን ሁለት ዳር ደግሞ አልጨምቅም፣ ዳሩ ክሩን ይቆርጠዋል።

ስኩዊድ ስለመስፋት

እዚህ ላይ ዘግየት ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ያለፈው ዓመት ትልቁ ጥፋታችን እዚህ ነበር።

ሰይፍ ዓሣ ትልቅ ሲሆን ጥርስ የለውም። ሰይፉን፣ ማለትም ሰይፍ የሚመስለውን ረጅም አፍንጫውን፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይመታል፣ ይቆርጣል፣ ከዚያ የቆሰለውን ይውጣል። ስለዚህ ማባበያው ያንን የመጀመሪያ ምት ችሎ መንጠቆው ላይ መቆየት አለበት። በአንድ ቦታ ብቻ የተወጋ ስኩዊድ በመጀመሪያው ምት ተበጥሶ ይሄዳል። ዓሣው የተበጠሰውን ይበላል፣ እኛ ባዶ መንጠቆ እንስባለን።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ስኩዊድ በቀዝቃዛ ውኃ አቀልጣለሁ። በሙቅ ውኃ ከቀለጠ ሥጋው ይላላል። የጆንያ መርፌ ይዤ ሊደሩን በሹሉ ጫፍ፣ በክንፎቹ በኩል አስገባና በሆዱ ውስጥ ወደ ጭንቅላቱ አወርደዋለሁ። መንጠቆው የሚቀመጠው ጭንቅላቱና አካሉ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የመንጠቆው ሹል ሙሉ በሙሉ ውጭ መሆን አለበት። ከዚያ በሰም በተነከረ ክር ሁለት ቦታ እሰፋለሁ። አንደኛው ስፌት የስኩዊዱን ሹል ጫፍ ከሊደሩ ጋር ያስራል፤ ስኩዊዱ ተንሸራቶ መንጠቆው ላይ እንዳይከመር የሚያደርገው ይህ ነው። ሁለተኛው ጭንቅላቱን ከአካሉ ጋር ያያይዛል። ጭንቅላቱ ላይ ስሰፋ ዓይኖቹን ላለመውጋት እጠነቀቃለሁ፤ ፈሳሹ ከወጣ ጭንቅላቱ ይሟሽሻል።

ስፌቱን ጠበቅ፣ ግን ሥጋውን እንዳይቆርጥ። እጅ ይህን የሚማረው በመደጋገም ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ስኩዊዶች ተቀደዱብኝ። ከ6ኛው በኋላ አንዱን በ4 ደቂቃ መጨረስ ቻልኩ። 12 ሰፍቼ በረዶ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጀልባ እየተናጠ ጨለማ ውስጥ መስፋት አይመከርም።

1ኛ ሌሊት፣ ጨረቃ የሌለችበት

ከምሽቱ 12፡30 ላይ 500 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ ላይ ደረስን። የባሕሩ ወለል ቀስ በቀስ ወርዶ ወርዶ ድንገት ገደል የሚሆንበትን ቦታ ነው የመረጥነው። የውኃው ፍሰት እዚያ ገደል ላይ ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፤ ምግብም አብሮ ይወጣል።

ሞተር አጥፍተን ከፍሰቱ ጋር መንሳፈፍ ጀመርን። ፍጥነታችን 2 ኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ሲያልፍ ክሮቹ ወደ ላይ ተነሥተው ተጋደሙ። ጋሼ ውኃ ውስጥ ተዘርግቶ ጀልባውን የሚያዘገየውን ጃንጥላ ከጀልባው ፊት በኩል ጣሉ፤ ወደ 1.2 ኖት ወረድን።

4 ክር ዘረጋን፣ ሦስቱን በፊኛ አንጠልጥለን። ሁልጊዜ የሩቁ ይቀድማል፦

90 ሜትር ጥልቀት፣ ከጀልባው 100 ሜትር ርቀት፣ ቀይ ፊኛ።
60 ሜትር ጥልቀት፣ ከጀልባው 60 ሜትር ርቀት፣ ነጭ ፊኛ።
30 ሜትር ጥልቀት፣ ከጀልባው 30 ሜትር ርቀት፣ ቢጫ ፊኛ።
አራተኛው ፊኛ የለውም። ከጀልባው ጎን ቀጥ ብሎ 45 ሜትር ይወርዳል።

እያንዳንዱ ክር ላይ የሚያሰምጠው የእርሳስ ብረት ክብደት በላስቲክ ታስሯል። እያንዳንዱ ፊኛ ላይ ትንሽ የኬሚካል መብራት ተለጥፏል፣ ጨለማ ውስጥ እንድናየው። ከማባበያው 3 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ መብራት፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ። ቀይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ቶሎ ይዋጣል።

ስለ ጀልባው መብራት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የሕይወት ጉዳይ ነው። ሞተር አጥፍቶ የሚንሳፈፍ ጀልባ በ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት በጉዞ ላይ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የግራውን ቀይ፣ የቀኙን አረንጓዴ፣ የምሰሶውንና የኋላውን ነጭ መብራት ማብራት አለበት። ብዙ ሰው ቆሜያለሁ ብሎ የመልህቅ መብራት ብቻ ያበራል። ያ ስሕተት ነው። መልህቅ አልጣልንም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ በግምት 1 ኪሎ ሜትር አጠገባችን አለፈ። ጋሼ ከ20 ደቂቃ በፊት በራዳሩ አይተውት ሞተሩን አስነሥተው ተዘጋጅተው ነበር። ከእኛ አንዱ ሁልጊዜ ራዳሩ ላይ ነው፤ ዓሣ ቢይዝም ባይይዝም።

እስከ ንጋት ምንም አልተነካም። ግን ስኩዊዶቹ ስፌታቸው እንዳለ ወጡ። ያ ለእኔ በቂ ነበር።

2ኛ ሌሊት

ከሌሊቱ 4፡10። ፊኛ የሌለው ክር ያለበት የማስገሪያ ዘንግ ጫፉ ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ኃይለኛ አይደለም፣ ሰው በጣቱ መታ መታ ያደረገው ያህል ነው። ወንድሜ ዘሎ ዘንጉን ያዘና በሙሉ ኃይሉ ወደ ላይ ሳበው። ባዶ።

ጋሼ ቀስ ብለው «ለምን ሳብከው?» አሉት።

«ተነክቷል እኮ ጋሼ!»

«ተመታ እንጂ አልተበላም። መምታትና መብላት ይለያያል። ይምታው፣ ተወው፣ ይመለሳል።»

ማባበያውን አውጥተን በግንባር ባትሪ አየነው። አካሉ ላይ ከክንፉ ጀምሮ ሰያፍ የሆነ ረጅም ስንጥቅ ነበረው፤ ዳሩ የተደቆሰ፣ ሥጋው የነጣ። ስፌቱ ግን ይዞታል።

ከዚህ ሌሊት በኋላ የወጣውን ማባበያ ሁሉ ማንበብ ጀመርን። ሰይፍ ዓሣ የመታው ረጅም ስንጥቅ ወይም የተደቆሰ ጎን አለው። ሻርክ የነከሰው በጨረቃ ቅርጽ ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ ሊደሩም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሄዳል ወይም ይሻክራል። ሌላ ስኩዊድ የበላው ደግሞ እዚህም እዚያም በትንንሹ ይቦጨቃል። ያለፈው ዓመት ይህን ብናውቅ ኖሮ የማን እንደሆነ ሳናውቅ አንጨቃጨቅም ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሌላ ክር ተቆርጦ ወጣ። ሻርክ ነው። ሊደሩ እንደ ምላጭ የተቆረጠ።

3ኛ ሌሊት፣ ሙሉ ጨረቃ

ባሕሩ ቀን መስሏል። ጨረቃዋ ስትደምቅ ሰይፍ ዓሣ በሌሊትም ጠለቅ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ ሁሉንም ክር አወረድናቸው፦ 130፣ 100፣ 70፣ እና የጎኑ 80 ሜትር።

ከሌሊቱ 6፡40። የጎኑ ዘንግ ነቀነቀ። ማንም አልነካውም። ወንድሜ እጁን ከዘንጉ በላይ ዘርግቶ ቆመ። አንድ ደቂቃ ያህል ጸጥ አለ። ከዚያ ሌላ ምት፣ ይኼኛው ከበድ ያለ። ጋሼ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። ከዚያ የዘንጉ ጫፍ ቀስ ብሎ፣ ሳይርገበገብ፣ ወደ ውኃው ጎንበስ አለ። ጎንበስ አለና አልተመለሰም።

«አሁን ጠቅልል!»

አልነጠቀውም። ክሩን ብቻ ጠቀለለ፣ እስኪወጠር። ክር መጠቅለያው ሪል ጮኸ። ወደ 150 ሜትር ክር በአንድ ትንፋሽ ወሰደብን። ሦስታችንም አብረን ጮኽን።

11 ደቂቃ ቆየ። ከዚያ በድንገት ክሩ ላላ። መንጠቆው ወጣ፣ ከጫፉ ላይ ቁራጭ ስስ ሥጋ ተጣብቆበት።

ጀልባው ላይ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ጎህ ሲቀድ የሪሉን ፍሬን፣ ክሩ በቀላሉ እንዳይሾልክ የሚይዘውን፣ በስፕሪንግ ሚዛን ለካሁት። 12 ኪሎ ላይ ነው። በቱና ሥራ የለመድነው ቁጥር ነበር። የሰይፍ ዓሣ አፍ ግን ስስ ነው። 12 ኪሎ ይቀደዋል።

በመሀል፣ ቤት ውስጥ

ሁለት ለውጥ። ፍሬኑን ሁሉንም ወደ 6.5 ኪሎ አወረድኩ። በእጅ መገመት ይቅር፣ በሚዛን ነው፤ ሚዛኑን ክሩ ጫፍ ላይ አስሬ፣ ዘንጉን ወንድሜ ይዞ፣ ክሩ መንሸራተት የሚጀምርበትን ቁጥር አነበብኩ። ለእያንዳንዱ ሪል 3 ጊዜ። አንደኛው ሪል በእያንዳንዱ ልኬት እስከ 2 ኪሎ ልዩነት ስላሳየ ፈትቼ የፍሬኑን ዲስኮች አጸዳሁ፤ የደረቀ ጨው ነበረባቸው።

ሁለተኛው መንጠቆው ነው። ሹሉን በጥፍሬ ላይ ሞከርኩ። ጥፍር ላይ የሚንሸራተት መንጠቆ አልተሳለም ማለት ነው። ከ10 ሰባቱ ተንሸራተቱ። ፍሬን ሲቀነስ መንጠቆው ራሱ መግባት አለበት፣ የሚገፋው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ። ሁሉንም በሞረድ ሳልኳቸው።

4ኛ ሌሊት

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሣ። ጋሼ ሰማዩን አዩ፣ የአየር ትንበያውን አዩ፣ «እንመለስ» አሉ። ተመለስን። ስለዚህ ሌሊት ሌላ የምጽፈው የለም።

5ኛ ሌሊት

ከሌሊቱ 5፡20 ነጩ ፊኛ ባህርይው ተለወጠ። አልሰመጠም። በተቃራኒው ወደ እኛ ቀስ እያለ መጣ፣ ክሩም ረገበ። ባለፈው ዓመት ይህንን አይተን ፍሰቱ ነው ብለን ትተነዋል። ዘንድሮ ገባን። ዓሣው ማባበያውን አፉ ውስጥ ይዞ ወደ ላይ እየዋኘ ነው። ክር ሲረግብ ቆሞ ማየት ሳይሆን መሮጥ ነው። ወንድሜ በቻለው ፍጥነት ጠቀለለ፣ ጠቀለለ፣ ጠቀለለ። 70 ሜትር ያህል ከሰበሰበ በኋላ ክሩ ተወጠረ። ጀልባው አጠገብ አንድ ቀጭን ጥላ ከውኃው ወጥቶ ዘለለ።

ትንሽ ነው። 15 ደቂቃ ውስጥ አመጣነው።

ውኃ ውስጥ እንዳለ ለካነው። የሰይፍ ዓሣ ርዝመት ከሰይፉ ጫፍ አይጀምርም። ከታችኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጅራቱ ሹካ ነው የሚለካው፤ ሰይፍ ሊሰበር ይችላልና። 104 ሴንቲሜትር ሆነ። አትላንቲክን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደንብ ዝቅተኛውን ርዝመት 125 ሴንቲሜትር ያደርገዋል፤ 119 የሚጠቀሙ አገሮችም አሉ። በሁለቱም አያልፍም። ባይከለከልም አላወጣውም ነበር፣ ገና ልጅ ነው።

መንጠቆው የአፉ ጠርዝ ላይ ነበር። በረጅም መፍቻ ነቀልነው። ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው በጣም ቀስ ብለው ወደፊት ሄዱ፣ እኔ በጓንት ሰይፉን ይዤ ውኃ በጉሮሮው እንዲያልፍ አደረግሁ። 3 ደቂቃ ገደማ። ጎኑ መጀመሪያ የነሐስ ቀለም ነበር፣ ከዚያ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። ዓይኑ ግን ከሁሉም ይበልጥ ያስደነግጣል፤ ጥልቅ ሰማያዊ፣ እንደ ሎሚ የሚያህል፣ ወደ እኔ እየዞረ። ከዚያ በጅራቱ መታኝና ወረደ።

ሰይፉን በባዶ እጅ አልያዝኩም። የሰይፉ ዳር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ ጫፉ ደግሞ ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ1967 አልቪን የተባለችውን የምርምር ሰርጓጅ ጀልባ አንድ ሰይፍ ዓሣ 600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ወግቷት፣ ሰይፉ ተቀርቅሮ አብሯት ወደ ላይ ወጥቷል። ጀልባ የወጋ ሆድም ይወጋል።

6ኛ ሌሊት

ጨረቃ ግማሽ፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ። ጥልቀቶቹን ወደ 1ኛው ሌሊት መለስናቸው፣ ሩቁን ብቻ 100 አደረግነው።

ከሌሊቱ 7፡05። የጎኑ ዘንግ። አንድ ምት። ጠበቅን። ሁለተኛ ምት። ጠበቅን። ከዚያ ሌላ ምንም የለም፣ ምናልባት 2 ደቂቃ። ጋሼ «አንድ ሁለት ሜትር ክር ልቀቅለት» አሉ። ወንድሜ ፍሬኑን ፈትቶ ለቀቀ። የተመታ ስኩዊድ ይሰምጣል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም፤ ማባበያው እንደዚያው ሲሰምጥ ዓሣው ያምናል። ፍሬኑን መልሶ አጠበቀ። ያኔ ነው ዘንጉ ቀስ ብሎ የጎነበሰው።

ጠቀለለ። ተያዘ።

ወዲያውኑ ሌሎቹን 3 ክሮች ሰበሰብኩ። ጃንጥላውን አነሣን። ጋሼ ጀልባውን ዓሣው ሁልጊዜ ከጎናችን እንዲሆን አዞሩ፤ በቀጥታ ከጀልባው ሥር ከገባ ክሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይቆረጣል። በ6.5 ኪሎ ፍሬን ዓሣው የፈለገውን ያህል ወሰደ። 3 ጊዜ ወረደ፣ 3 ጊዜ አመጣነው። ወንድሜ «ፍሬኑን ትንሽ ልጨምር?» አለ፣ ጋሼ «እንዳትነካው» አሉት። አልነካውም።

54 ደቂቃ። ስዊቭሉ ከውኃው ሲወጣ ሊደሩን በጓንት ያዝኩ፣ እጄ ላይ ሳልጠመጥም። በእጅ ላይ የተጠመጠመ ሊደር ሰው ወደ ባሕር ይወስዳል። ጋሼ ትልቁን ባለ ዘንግ መንጠቆ ከጭንቅላቱ ጀርባ አስገቡ። ሦስታችንም ሆነን አወጣነው።

162 ሴንቲሜትር፣ ከ50 ኪሎ ትንሽ የሚያልፍ። ወዲያው ደሙን አፈሰስን፣ ሆድ ዕቃውን አወጣን፣ ውስጡን በበረዶ ሞላነው። ሰይፍ ዓሣ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ሥጋው ይበላሻል።

ጨጓራውን ከፈትኩት። 7 ስኩዊዶች ነበሩ። ከ7ቱ 5ቱ አካላቸው ላይ ሰያፍ የሆነ ረጅም ስንጥቅ ነበረባቸው፣ ዳሩ የተደቆሰ፣ በ2ኛው ሌሊት ካወጣነው ማባበያ ጋር አንድ ዓይነት። ጎን ለጎን አስቀምጬ ለወንድሜ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ በእጁ እያገላበጠ አየ።

መንጠቆውን ስፈታ የሊደሩ የታች ግማሽ ሜትር በሰይፉ ዳር ተፍቆ ሻክሯል። ያንን ሊደር ጥዬ አዲስ አስሬያለሁ። ለ7ኛው ሌሊት 12 ስኩዊድ በቀዝቃዛ ውኃ ገብቷል፤ ነገ ጠዋት እሰፋዋለሁ።